ከሰላጣ ዘር ያነሱ ስድስት ቁራጮች

አትክልተኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው፣ ሰፈሩ «በፍቅር ነው የታመመው» ይል ነበር። በክፋት አይደለም፤ የነገሯቸው የገዛ እናቱ ናቸው።

እናቱ ያለ ምክንያት ምንም ነገር አይሆንም ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው። ልጃቸው ለወርቅ ሠሪው ልጅ ታጭቶ ነበር፤ እጮኛይቱ ትታው ሄደች፤ በዚያው ወር ሆዱ ማቃጠል፣ ሰውነቱ መክሳት ጀመረ። እናት ሁለቱን ነገር እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቤቱ ገጣጥመው አረፉ።

«ልጄ ውስጡ እየነደደ ነው» ይላሉ በየደጁ። «ይበላል፣ አይስማማውም። ይተኛል፣ አያርፍም። ፍቅር እንዲህ ነው። አባቱም በእኔ የተነሣ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር።» አባቱ ከሞተ ዐሥር ዓመት ስላለፈው የሚያስተባብል አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ እጮኛው የተወችው ዕለት አትክልተኛው ለጥ ብሎ ተኝቶ ነው ያደረው። አንድ ዓመት ኬክ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ረጅሙ ጨዋታቸው «ይዘንብ ይሆን?» የሚለው ነበር። «የምንነጋገረው ነገር እኮ የለንም» ስትለው የሚመልሰው አጥቶ ዝም አለ፤ እሷም «አየህ?» ብላው ተነሣች።

ሕመሙ ግን እውነት ነበር። ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። በችግኝ ጣቢያው እርጥብ መደብ ውስጥ በባዶ እግሩ ሲመላለስ ይውልና («ቡትስ ዓይን የለውም፣ ችግኝ ይረግጣል» ባይ ነው)፣ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ይዞ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ቁጭ ይላል። ሦስት ጊዜ ሰገራው ተመረመረ፤ ሦስቴም ንጹሕ ነው ተባለ። በየውጤቱ እናቱ እንዳሸነፈ ሰው ያጨበጭቡ ነበር።

«አላልኩም? ፍቅር በሰገራ አይታይም!»

በመጨረሻ ወደ አንድ የአንጀት ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ ሥራ ላይ ሲሆን በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ግዙፍ ሰው ነው። «በኢንዶስኮፒ ገብተን እንየው» አለ። በአፍ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ መሆኑን አስረዳቸው። እናቱ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ልብ ጋ ይደርሳል?»

«አይ እማማ፣ በዚያ በኩል አያልፍም።»

«እንግዲያው ምን ዋጋ አለው!» አሉና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ።

በቀጠሮው ቀን አትክልተኛው ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ መጣ። ነርሷ ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ ነገር ነፋችበት፤ ምላሱ የሰው ምላስ ሆነበት። በግራ ጎኑ አስተኝታ አፉ ውስጥ የላስቲክ ቀለበት አስነከሰችው። «ዋጥ… ጎበዝ… አሁንም ዋጥ…» ሐኪሙ ያንጎራጉራል፣ የአትክልተኛው እንባ ይወርዳል። በእንባው መሐል ስክሪኑን ሲያይ የገዛ ውስጡ እንደ ቀይ ዋሻ ተዘርግቷል። ቱቦው ጨጓራውን አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት ሲታጠፍ ሐኪሙ ማንጎራጎሩን አቆመ። አትክልተኛው የፈራው ያኔ ነው።

«ግድግዳው አብጧል፣ ቀልቷል» አለ ሐኪሙ። በቱቦው ውስጥ ትንሽ መቆንጠጫ ሰደደና ከዚህም ከዚያም ስድስት ቁራጭ ሥጋ ቆነጠረ። ሲያበቃ ብልቃጡን አሳየው፤ ስድስቱም ከሰላጣ ዘር ያነሱ ናቸው።

«ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል» አለው። «ወይ ሰውነትህ ራሱን እየተዋጋ ነው፣ ወይ ውስጥህ ያልተጠራ እንግዳ አለ። ሰገራህ ሦስቴ ንጹሕ ስለሆነ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ጠንካራ ክኒን አለ፤ ማዘዣውን ያዝ። ናሙናው ሌላ ነገር ካላሳየ ትጀምራለህ። በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ከላቦራቶሪ ውሰድ።»

በሦስተኛው ቀን ማዘዣውን ኪሱ ከትቶ የላቦራቶሪውን በር አንኳኳ። የከፈተችለት ነጭ ገዋን የለበሰች ወጣት ናት፤ እጅጌዋ ላይ የሰም ፍርፋሪ ተጣብቋል፣ አንድ እጇ ወረቀት ይዟል። ቁጥሩን ነገራት። ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፣ ወረቀቱን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልደረሰም። ነገ ይመለሱ።»

«የኔ እኮ እጅዎ ላይ ያለው ነው። ቁጥሬን አየሁት።»

«ይሄ? ይሄማ… አልደረቀም።»

«ወረቀት አይደለም እንዴ? የታጠበ ልብስ አደረጉት እኮ!»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን መለሰች። ከዚያ ድንገት ዓይኗ ወደ ታች ወረደ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ? በባዶ እግርዎ ይሄዳሉ?»

አትክልተኛው ጫማውን አየ። ለሆስፒታሉ ብሎ ጠዋት ነው ቀለም የቀባው።

«ጫማ አለኝ።»

«መኖሩንማ አየሁት። ያወልቁታል ወይ?»

«የታመመው ሆዴ ነው፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። ግን እግርዎን አሳክኮዎት ያውቃል?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። በሕይወቱ የእግሩን ነገር የጠየቀችው ሴት የለችም።

«ያሳክከኛል» አለ በሹክሹክታ። «ሥራዬ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ከማዳበሪያው መስሎኝ ነበር።»

ፊቷ ፈካ አለ። «በጣም ጥሩ!» አለች፤ ያለችው ሲገባት ደግሞ ደነገጠች። «ማለቴ… አዝናለሁ። ሐኪሙ በመጠየቂያው ላይ የጻፉትን ክኒን ጀምረዋል?»

«ማዘዣው ኪሴ ነው።»

«እስከ ነገ ኪስዎ ይክረም። እባክዎን።»

ሁለት ዓመት የታመመ ሰው አንድ ቀን ጠብቅ ሲሉት ሊቆጣ ይገባው ነበር፤ ሊቆጣም ዐስቦ ነበር። ያቺ «እባክዎን» ግን እንዴት እንደተባለች እንጃ፣ ቁጣውን ይዞ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እንኳ መድረስ አቃተው።

በማግስቱ ሐኪሙ ራሱ ደወለ። «ክኒኑን ጀምረሃል?»

«ኧረ አልጀመርኩም።»

ሐኪሙ በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ነገሩን ቀስ አድርጎ አስረዳው። አንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ትል ተገኝቷል፤ ዓይን የማያየው፣ ከእርጥብ አፈር በእግር ቆዳ የሚገባ፣ ሰገራ ውስጥ እንደፈለገው ብቅ እያለ እንደፈለገው የሚሰወር። ያ ክኒን የሰውነትን ዘብ ያስተኛል። ዘቡ ቢተኛ ትሉ ተባዝቶ እስከ ሳንባው ድረስ ይወር ነበር። «ልገድልህ ነበር፣ ወንድሜ» አለ ሐኪሙ፣ ያለ ምንም ማንጎራጎር። «ላቦራቶሪ ያለችውን ልጅ አመስግናት።»

አትክልተኛው ስልኩን ዘግቶ ሳይቀመጥ ሄደ። ባለሙያዋ ማሽኗ ላይ ነበረች። ከውስጥ ናሙና መርምረው የሚፈርሙት ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ተቀምጠዋል፤ አዛውንት ናቸው፣ ለማንኛውም ጥያቄ ያው አንድ መልስ ስላላቸው ሠራተኛው «ዶክተር ሊሆን-ይችላል» ይላቸዋል።

«የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ላይ እብጠት ብቻ ነበር» አለችው። «ወረቀቱም ተጽፎ ተፈርሞ ነበር። አንዱ ጠርዝ ላይ ግን የተጠማዘዘች ቀጭን ነገር አየሁ። ለዶክተር አሳየኋቸው፤ 'ትል ሊሆን ይችላል፣ የሥጋው እጥፋትም ሊሆን ይችላል' አሉኝ። ናሙናው ሰም ውስጥ ነው ያለው፤ በዚህ ማሽን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ ወደ ውስጥ መቁረጥ ጀመርኩ። ምሳዬን ትቼ።»

«ስንት ቆረጥሽ?»

«ሠላሳ አንድ። እያለቀብኝ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ላይ…» ማይክሮስኮፑን አስተካክላ ቦታ ለቀቀችለት። «ዶክተር፣ ይይ?»

«ሊሆን ይችላል» አሉ አዛውንቱ።

አጎንብሶ አየ። ከላይ እንደሚታይ የአበባ መደብ ሮዝ በሮዝ ነው። መሐሉ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክር ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ አጠገቡ እንቁላሎቹ።

«ይሄንን ነው ሁለት ዓመት የቀለብኩት?»

«እንግዳ ተቀባይ ነህ» አለችው። «እርስዎ» የምትለው ቃል የት ወድቃ እንደቀረች ሁለቱም አላስተዋሉም።

የሁለት ቀን መድኃኒት ተሰጠው። በሳምንቱ ራበው፤ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ራበው፤ በሦስተኛው ቀበቶው ላይ ያሉት አዳዲስ ቀዳዳዎች ሥራ ፈቱ። ሐኪሙ ትሉ መጥፋቱን ለማረጋገጥ በየሳምንቱ ሰገራ እንዲያስመረምር አዘዘው። ትእዛዙን እንዲህ በደስታ የተቀበለ ሕመምተኛ በዚያ ሆስፒታል ታይቶ አይታወቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሰገራው ምርመራ ከእሷ ክፍል ቀጥሎ ካለው በር ነው። ሌላው ወንድ አበባ ይዞ ይሄዳል። አትክልተኛው አንድ ሄክታር አበባ እያለው ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ በወረቀት ጠቅልሎ የማይመለከታትን ሴት በር ያንኳኳል።

«የሚቀጥለው በር ነው» አለችው በመጀመሪያው ሳምንት።

«ኦ፣ ይቅርታ።»

«የሚቀጥለው በር ነው» አለችው በሁለተኛው።

«አዎ፣ ረሳሁት።»

በሦስተኛው ሳምንት በሩን ከፍታ ክንዶቿን አጣምራ ቆመች። «ስማ፣ እዚያ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። ማንበብ አትችልም?»

«እችላለሁ።»

ዝም ተባባሉ። ዝምታው ከወርቅ ሠሪው ልጅ ጋር እንደነበረው ዓይነት አልነበረም፤ ይኼኛው ሞልቶ የሚፈስ ነበር።

«እንግዲያው» አለች ዓይኗን ሰብራ፣ «መጀመሪያ እሱን እዚያ አድርስ። ከዚያ እጅህን ታጠብ። ከዚያ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እወጣለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ምሳ በሉ። እሷ ስለ ሰምና ስለ ስለት ታወራዋለች፣ እሱ ስለ ዘርና ስለ አረም። ይዘንብ አይዘንብ እንደሆነ አንድም ቀን አልተነሣም።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር እየበሰለ ነበር። እናቱ የትሉን ወሬ የሰሙ ዕለት በር ዘግተዋል። «ትል! በኔ ቤት! ሰው በፍቅር ቢከሳ ይታዘንለታል፤ በትል የከሳውን ግን ማን አብሮት ይበላል? ይቺ ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ!» እንዳትወጣም የገዛ መላቸውን መቱ። ልጃቸው በናፍቆት ሊሞት ነው ብለው ወደ ወርቅ ሠሪው ቤት በአክስቱ በኩል ላኩ። የወርቅ ሠሪው ቤት አንጀቱ ተላወሰ። እሑድ መጥተው እርቅ ሊያወርዱ ቃል ገቡ። በዚያው ሳምንት ልጁ መወፈር ሲጀምር እናት ለሰፈሩ «አያችሁ፣ ተስፋ እንዴት እንደሚያፋፋ!» አሉ።

ይህም አልበቃቸውም። ሐሙስ ዕለት ለልጃቸው ሳይነግሩ ላቦራቶሪ ወረዱ።

ይህን አትክልተኛው ያወቀው ዓርብ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቢሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ።

«የሚቀጥለው በር ነው።»

«ዛሬ እኮ ዕቃ አልያዝኩም» አለና ባዶ እጁን አሳያት።

አልሳቀችም። «እናትህ መጥተው ነበር። 'ልጄ፣ ትል የሚለውን አጥፊና ሐዘን ብለሽ ጻፊልኝ' አሉኝ። እሑድ ከእጮኛህ ጋር ስለምትታረቅ ወረቀቱ እንዳያሳፍርህ ነው። ይሄ ቤት ያየውን ነው የሚጽፈው አልኳቸው።» የበሩን እጀታ ያዘች። «እንኳን ደስ አለህ።»

«ቆይ፣ የምን እጮኛ? እኔ ምንም—»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የአዛውንቱ ድምፅ ተሰማ፦ «እውነቱን ሊሆን ይችላል።»

እሑድ ሳሎኑ ሞላ። ወርቅ ሠሪው፣ ሚስታቸው፣ የቀድሞዋ እጮኛ፣ ነገሩን የያዘችው አክስት፣ ሁለት ጎረቤቶች። ወርቅ ሠሪው ጆሯቸው ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጮኻል። አክስት ተነሥታ ስለ ፍቅር ኃይል ተናገረች፤ ይህ ልጅ በናፍቆት አጥንቱ ብቻ ቀርቶ እንደነበር፣ እንዴት ከሞት አፋፍ እንደተመለሰ። ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። የቀድሞዋ እጮኛ ፍርድ እንደሚነበብባት ሰው እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ መሬት መሬት ታያለች።

አትክልተኛው ተነሣ።

«ፍቅር አልነበረም» አለ። «ትል ነው።»

«ይቀልዳል!» አሉ እናቱ፣ ሳቅ ለመሳቅ እየሞከሩ። «ከድሮም ቀልደኛ ነው!»

ቀልዶ የማያውቅ ልጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አነበበ።

«'በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ እጭ ተገኝቷል…'»

«እጮኛ ተገኘች?» አሉ ወርቅ ሠሪው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። «እናውቃለን እንጂ! ለሱ አይደል የመጣነው!»

«እጭ፣ አባባ! እጭ! የትል ልጅ!» ብሎ ጮኸ። «እንቁላልም አለው!»

የጎረቤቲቱ ማንኪያ ሳህን ላይ ኳ ብሎ ወደቀ።

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ የቀድሞዋ እጮኛ ናት። አንድ ዓመት አብረው ኬክ ሲበሉ አንድም ጊዜ ሊሰማው ያልታደለውን ሳቅ ሆዷን ይዛ ለቀቀችው። «ተመስገን!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሰው በኔ ምክንያት ሊሞት ነው ብለው እንቅልፍ ነሥተውኝ! አንተን ከቀብር ላድን ነበር እኮ የመጣሁት!»

«እኔም አንቺን እንዳላስቀይም ብዬ ልሞት ነበር» አላት። ተጨባበጡ። ያን ያህል ተግባብተው አያውቁም።

እንግዶቹ ሲወጡ ወርቅ ሠሪው ወደ ኋላ ቀሩና ክንዱን ያዝ አደረጉት። በእሳቸው ቤት ሹክሹክታ ነው፤ ሰፈሩ ግን ሰማ። «ልጄ፣ እኔም ጓሮዬን በባዶ እግሬ ነው የምኮተኩተው… ከበላሁ በኋላም ያቃጥለኛል። ያ ሐኪም የት ነው?»

እናቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሩትም።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ። ባለሙያዋ ስትከፍት ገርበብ እንዳታደርገው እግሩን አስቀደመ፤ ቡትስ ተጫምቷል።

«ወረቀቱን አነበብኩት» አላት። «ሰው ሁሉ ባለበት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እጭ የሚለውን ሁለት ጊዜ። አማቼ ሊሆኑ የነበሩት ሰውዬ ጆሯቸው ይከብዳል።»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀሰች ብሎ ደነገጠ። ስትዞር እየሳቀች ነበር፤ እያለቀሰችም ነበር።

«አበባ ላመጣልሽ ዐስቤ» አለ፣ «ባዶ እጄን ስመጣ ብታዪኝ ይሻላል ብዬ ተውኩት። እኔ… ንግግር አልችልም። ውስጤን አይተሽዋል። የቀረውንም ካላስጠላሽ… አብረን ብንኖር እላለሁ።»

ባዶ እጁን አየች። ከዚያ ገዋኗን አስተካከለች።

«ናሙናው ደርሶናል። ውጤቱ በሦስት ቀን ነው።»

እነዚያ ሦስት ቀናት ሁለቱን ዓመት አስናቁት። ረቡዕ ማታ እራት ላይ እናቱ በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱ።

«ያ ክኒን… ብትውጠው ኖሮስ?»

ሐኪሙ የነገረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። እናቱ የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

ሐሙስ ላቦራቶሪ ሲደርሱ ባለሙያዋ ወንበር አቀረበችላቸው። እናቱ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ማሽኑን አዩ፣ የሰሙን ፍርፋሪ አዩ፣ እጆቿን አዩ።

«ስንት ጊዜ ቆረጥሽ አሉኝ፣ ልጄ?»

«ሠላሳ አንድ፣ እማማ።»

«በመጀመሪያው ምንም ሳይገኝ ለምን አልተውሽውም?»

«አንድ ነገር ያለ መሰለኝ። ሳላውቀው መተው ከበደኝ።»

እናቱ የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ ሲያሻሹ ቆዩ። ድምፃቸው ሲወጣ በየደጁ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም።

«እኔ እናቱ ነኝ፤ በመጀመሪያው ላይ ነው የቆምኩት።»

አዛውንቱ ሐኪም እንኳ ከውስጥ «ሊሆን ይችላል» አላሉም። ከዚያ እናቱ ብድግ ብለው ልብሳቸውን አራገፉ፤ ድምፃቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

«በይ፣ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነው። ሰፈሩ ሊያይሽ ይፈልጋል፤ ከዛሬ ጀምሮ እነግራቸዋለሁ፤ የሌላው ምራት መልክ አይታ ትገባለች፣ የኔዋ አንጀቱን አይታ ነው የወደደችው እላለሁ። ጓንት እንዳታመጪ፤ ቤቴ ንጹሕ ነው። ትመጫለሽ?»

እሷ አንድ ቃል መለሰች። እናቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ፤ በኮሪደሩ ላይ ያገኙትን የመጀመሪያ ሰው ማውራት ሲጀምሩ ይሰማ ነበር።

አትክልተኛው በሩ ጥግ እንደቆመ ቀረ።

«ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው» አላት። «ውጤቱ…»

«አሁን ለእናትህም ላንተም እሺ ስል አልሰማህም?»

አልሰማም። እሷን እያየ ነበር።